የስኳር በሽታ መድኃኒትና የጾም ጊዜ

መድኃኒት በመጠኑና በጊዜው ሲወሰድ ያድናል፤ ያለ ጊዜው ሲወሰድ ግን ይጎዳል። ይህም ከነቀምት ባኬ ጃማ ጀምሮ በወለጋ ከተሞች ሁሉ ላለው የስኳር ሕመምተኛ፥ ይልቁንም ለሚጾመው፥ ሊነገር የሚገባው ነው።

ኢንሱሊን ከቆሽት እየመነጨ ስኳርን ከደም ወደ ሰውነት ያስገባል፤ በካናዳ አገር ለሕመምተኛ በመርፌ መሰጠት የጀመረው በጥር ወር 1914 ዓ.ም. ነው። በአፍ ከሚወሰዱት መካከል ሜትፎርሚን ጉበት ስኳር እንዳያበዛ ያግዳል፤ ሆድን ቢያውክም ከምግብ ጋር ሲሆን ይቀላል። ግሊቤንክላሚድ ግን ቆሽትን አነሣሥቶ ኢንሱሊን ያስወጣል።

እንግዲህ ግሊቤንክላሚድን ወይም ኢንሱሊንን ወስዶ ሳይበላ የሚውል ሰው የደሙ ስኳር ከልክ በታች ይወርዳል፤ ያልበዋል፥ ይንቀጠቀጣል፥ ራሱንም ይስታል፤ ሊሞትም ይችላል። ራሱን ሳይስት ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ ፈጥኖ ሊጠጣ ይገባዋል። ይህን ፈርቶ መድኃኒቱን በገዛ ፈቃዱ የተወ ደግሞ ዓይኑንና ኩላሊቱን ይጎዳል።

የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት በሕመም የደከመውን በጾም አያስገድድም። ስለዚህ የነፍስ አባት ጾም ሳይገባ የንስሐ ልጁን ወደ ሐኪም ቢልክ፥ ሹምም መድኃኒቱ ከየጤና ጣቢያው እንዳይታጣ ቢተጋ፥ ሁለቱም ነፍስ አዳኑ ማለት ነው።