ዩኒቨርሲቲን ማን ይጠይቃል? ነገሩ ከሰቆጣ ሲታይ

ሐምሌ 2007 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዓለም አቀፉን የልማት ፋይናንስ ጉባኤ ባስተናገደችበት ሰሞን የኢትዮጵያ መንግሥት አንድ ከባድ ቃል ገባ። ዕድሜያቸው ከሁለት ዓመት በታች በሆኑ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር በ2022 ዓ.ም. ከአገሪቱ አጠፋለሁ አለ። ስሙም የሰቆጣ ቃል ኪዳን ተባለ። የሰቆጣ ከተማ ለዚህ ስም የበቃችው በመከራዋ ነው። ሰቆጣ ያለችበት ዋግ በ1977ቱ ረሃብ ክፉኛ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህም ክረምቱ ዘግይቶ ሲገባ ወይም ቀድሞ ሲወጣ ዝቋላ፣ ሳህላ ሰየምት፣ አበርገሌና ጻግብጂ እርዳታ ከሚጠብቁ ወረዳዎች ዝርዝር ጠፍተው አያውቁም ማለት ይቻላል።

ቃል ኪዳኑ በተከዜ ተፋሰስ ባሉ የአማራና የትግራይ ወረዳዎች ተጀምሮ ወደ ሌሎች ክልሎች ሰፋ። ጤናው፣ ግብርናው፣ ውኃው፣ ትምህርቱ፣ ሴቶችና ሕፃናት ጉዳዩ፣ ገንዘብ ሚኒስቴሩ ሁሉም ድርሻ ተሰጣቸው። ወረዳዎች ዕቅዳቸውን ከነወጪው እያሰሉ እንዲያቀርቡ ተደረገ። ነርሷ፣ አዋላጇ፣ የመስኖ መሐንዲሱ፣ የእንስሳት ሐኪሙና የቀበሌው መምህር የሚወጡበት ተቋም ግን፣ ማለትም የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ፣ «አንተስ ለዚህ ግብ ምን አዋጣህ?» ተብሎ በዚያው ልክ ሲጠየቅ አልታየም። ይህ ጥያቄ በዋግ ብቻ የቀረ አይደለም፤ አገሪቱ ዩኒቨርሲቲ ከከፈተች ጀምሮ ሲነሳና ሲወድቅ የኖረ ነው። ከሰቆጣ ሆኖ ለሚያየው ግን ይበልጥ ጎልቶ ይታያል፤ ግቡ እዚህ በስም አለና።

ድሮ ጥያቄው ቀጥተኛ መልስ ያገኘበት ጊዜ ነበር። በ1940ዎቹ ወባ በደምቢያ ሕዝብ ላይ ወረርሽኝ ሆኖ ብዙ ሰው ፈጀ፤ አገሪቱ የነበሯት ሐኪሞች ደግሞ እጅግ ጥቂት ነበሩ። በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲከፈት የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና አሜሪካ አገዙት፤ ዓላማው ግን ከገጠሩ ችግር የተቀዳ ነበር። ኮሌጁ የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያ አንድ ላይ አሠለጠነ። ሦስቱ ተመርቀው የሚሠሩት በአንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ እንደ ቡድን ስለሆነ፣ ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ በቡድን ወደ ጤና ጣቢያ ወጥተው ይለማመዱ ነበር። ኮሌጁ ምን እንደሚያስተምር የወሰነው ገጠሩ የጎደለው ነገር ነው። ተመራቂው የት እንደሚሠራም ከመግቢያው ቀን ጀምሮ ይታወቅ ነበር። እኔ በአገራችን የከፍተኛ ትምህርት ታሪክ ውስጥ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ተጠያቂነት አላየሁም፤ ያለ አመልካችና ያለ ሪፖርት ቅጽ የሠራ ተጠያቂነት ነበር።

የዓለማያ የእርሻ ኮሌጅም በተመሳሳይ መንፈስ ነው የተተከለው። በኮሌጁ ያስተማሩት የአሜሪካዋ ኦክላሆማ ግዛት መምህራን ይዘውት የመጡት ልማድ፣ በአሜሪካ በ1862 እ.ኤ.አ. ሕግ ለክፍለ ግዛቶች መሬት ተሰጥቶ የተቋቋሙት ኮሌጆች ልማድ ነበር፤ ማስተማር፣ መመራመርና የተገኘውን ዕውቀት ወደ ገበሬው ማድረስ በአንድ ጣሪያ ሥር። በ1957 የትምህርት ዘመን ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ከመመረቃቸው በፊት ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች መላክ ጀመረ። አብዛኞቹ መምህር ሆነው አገለገሉ። በ1976 የተመሠረተው የጅማ የጤና ሳይንስ ተቋም ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርትን መርሑ አደረገ፤ ይኸው ልማድ እስከ ዛሬ ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ስም ጋር ይነሳል።

ከዚያ በኋላ የመጣው መስፋፋት ግን ሌላ መለኪያ ይዞ መጣ። በ1980ዎቹ አጋማሽ አገሪቱ የነበሯት ዩኒቨርሲቲዎች አዲስ አበባና ዓለማያ ነበሩ። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ቁጥር ከ45 በላይ ሆኗል። በአማራ ክልል ብቻ አሥር አሉ፤ ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ወሎ፣ ደብረ ብርሃን፣ ደብረ ማርቆስ፣ ወልዲያ፣ ደብረ ታቦር፣ እንጅባራ፣ ደባርቅና መቅደላ አምባ። «ትውልድ» እየተባለ በየዙሩ በወጣው ዝርዝር ውስጥ ሰቆጣ አልገባችም። ዩኒቨርሲቲ መንገድ፣ መብራት፣ ቤት ኪራይና ገበያ ይዞ ስለሚመጣ፣ የዋግ ሕዝብ «የእኛስ?» ቢል ልክ ነው። ነገር ግን በእነዚያ ዓመታት ዩኒቨርሲቲዎች በዋናነት የተጠየቁት ስንት ተማሪ ተቀበላችሁ፣ ስንት ሕንፃ አስረከባችሁ እየተባሉ ነው። በ2000 ዓ.ም. ገደማ የመጣው ሰባ ሠላሳ፣ ማለትም ከመቶ ሰባው ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ይግባ የሚለው ፖሊሲ፣ አገራዊ ግብን ከዩኒቨርሲቲ ጋር ለማሰር የተደረገ ሙከራ ነበር። ኮታው ተሞላ። ቤተ ሙከራው፣ ወርክሾፑና መምህሩ ግን በዚያ ፍጥነት አልተከተሉም።

ሕጉ ባዶ አልነበረም። አዋጅ ቁጥር 351/1995 እና እሱን የተካው 650/2001 ዩኒቨርሲቲዎች በስትራቴጂ ዕቅድ ላይ ከመንግሥት ጋር ተስማምተው ጥቅል በጀት እንዲያገኙ ደነገጉ። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ መንግሥት የሚፈልገውን ውጤት ይናገራል፣ ገንዘቡን በጥቅል ይሰጣል፣ ዩኒቨርሲቲው እንዴት እንደሚያሳካው ራሱ ይወስናል፣ በመጨረሻ በውጤቱ ይጠየቃል። በተግባር በጀቱ በየመደቡ ተሸንሽኖ መምጣቱን ቀጠለ። ለወረቀት የተመደበው ገንዘብ ወደ መስክ ጉዞ ለመዛወር ደብዳቤ የሚጻጻፍበት ተቋም «ለምን የተማሪዎችህን የገጠር ልምምድ አላሰፋህም?» ተብሎ በቅንነት ሊጠየቅ አይችልም። ጠያቂውም አልረጋም። ዩኒቨርሲቲዎቹ በ2011 አዲስ ወደተቋቋመው የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር ሄዱ፤ በ2014 መሥሪያ ቤቱ ፈርሶ ወደ ትምህርት ሚኒስቴር ተመለሱ።

ለዋግ ከሁሉ የሚከብደው ግን የሥልጣን አወቃቀሩ ነው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ተጠሪነታቸው ለፌዴራል መንግሥት ነው፤ በጀታቸው ከዚያ ይመጣል፣ ቦርዳቸው በዚያ ይሰየማል፣ ተማሪም ለዓመታት የተመደበላቸው ከማዕከል ነው። የመምህራን ትምህርት ኮሌጆችና የቴክኒክና ሙያ ተቋማት ደግሞ የክልል ናቸው። ስለዚህ የዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር ምክር ቤት ሰቆጣ ላይ ተሰብስቦ ስለ ሕፃናት መቀንጨር ሲነጋገር፣ ከክልሉ ዩኒቨርሲቲዎች ቅርቡ የሆነውን ወልዲያን እንኳ ሪፖርት አቅርብ የሚልበት ሕጋዊ መንገድ የለውም። ሊጋብዘው ይችላል፣ ሊለምነው ይችላል፣ ሊያመሰግነው ይችላል።

እዚያው ሰቆጣ ውስጥ ተቃራኒውን የሚያሳይ ተቋም አለ። በአማራ ክልል ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ሥር ያለው የሰቆጣ ደረቅ መሬት ግብርና ምርምር ማዕከል የተቋቋመው ለዚህ መሬትና ለዚህ ዝናብ ነው። የአበርገሌ ፍየል ዝርያን በገበሬው መንደር ማሻሻል፣ ድርቅ የሚቋቋም ማሽላ፣ የተከዜ ሐይቅ ዓሣ፣ የአፈርና ውኃ ጥበቃ፤ ማዕከሉ የሚጠየቅበት ነገር ከስሙ ይነበባል። ገንዘቡና የሰው ኃይሉ ውስን ነው፤ ጥያቄው ግን ትክክለኛ ነው።

ባለፉት ጥቂት ዓመታት ተጠያቂነት የሚለው ቃል ወደ ዩኒቨርሲቲዎች በኃይል ተመልሷል። የ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተና ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ተዛውሮ ሲሰጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። በቀጣዩ ዓመትም ውጤቱ ከዚያ አልራቀም። ሬሜዲያል የተባለው የማካካሻ ትምህርት ተጀመረ። በ2015 መጨረሻ የመጀመሪያው አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና ከ150 ሺህ ገደማ ተፈታኞች 40 በመቶ ያህሉን አሳለፈ፤ ከመንግሥት ተቋማት የመጡት ከግል ተቋማት ከመጡት በእጅጉ የተሻለ ውጤት ነበራቸው። ዩኒቨርሲቲዎች የምርምር፣ የአፕላይድ ሳይንስና አጠቃላይ እየተባሉ በተልዕኮ ተለዩ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ለመሆን መንገድ ጀመረ። ሚኒስቴሩ ከፕሬዚዳንቶቹ ጋር በቁልፍ የአፈጻጸም አመልካቾች ላይ ውል ይፈራረማል።

እነዚህ እርምጃዎች ያስፈልጉ ነበር። ዲግሪ ይዞ ሙያውን የማያውቅ ሰው ለሰቆጣም ለአዲስ አበባም አደጋ ነው። ሆኖም አመልካቾቹ በአብዛኛው ተቋሙን ከራሱ ግቢ ውስጥ ይለኩታል፤ ስንት አለፈ፣ ስንት ጥናት ታተመ፣ ስንት መርሐ ግብር ዕውቅና አገኘ። ከአጥሩ ውጭ ያለው ሕዝብ «የማኅበረሰብ አገልግሎት» በምትባል አንዲት ርዕስ ሥር ይገባል። በዚያች ርዕስ ሥር የሚቆጠረው አብዛኛውን ጊዜ የተሰጠው ሥልጠናና የተተከለው ችግኝ ነው።

አመልካች ብቻውን ምን እንደሚያመጣ ለማየት ሌላ አገር እንመልከት። በአሜሪካ የቴነሲ ግዛት ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከዩኒቨርሲቲዎች በጀት ከፊሉን ከውጤት ጋር አሰረ፤ በ2010 እ.ኤ.አ. ደግሞ አሠራሩን አጥብቆ አሰፋው። ሌሎች ግዛቶችም ተከተሉ። በዚህ አሠራር ላይ የተደረጉ ጥናቶች ደጋግመው ያገኙት ነገር ልብ ሊባል ይገባል። የምሩቃን ቁጥር የተጠበቀውን ያህል አልጨመረም፤ አንዳንድ ተቋማትም ውጤታቸው እንዳይወርድ ደካማ መሠረት ያለውን አመልካች መሸሽ ጀመሩ። ይህን ወደ እኛ እናምጣው። ከዝቋላ ወይም ከጻግብጂ የሚመጣ ልጅ ትምህርት ቤቱ በሰሜኑ ጦርነት ተዘግቶበት፣ መጽሐፉ ተዘርፎ፣ አንዳንዱም ከቀዬው ተፈናቅሎ የተማረ ነው። ዩኒቨርሲቲው የሚለካው በማለፊያ መቶኛ ብቻ ከሆነ ይህ ልጅ ለተቋሙ ኪሳራ ይሆናል። እንዲህ ያለውን ልጅ ተቀብሎ፣ ክፍተቱን ሞልቶ፣ አብቅቶ የመለሰ ተቋም የተለየ ነጥብ ሊያገኝ ይገባዋል እላለሁ። ያለበለዚያ ተጠያቂነት የሚሉት ነገር የተጎዳውን ደግሞ የሚጎዳ ይሆናል።

የዩኒቨርሲቲ አመራሮች የሚያነሱት መከራከሪያ አለ፤ ክብደትም አለው። «መቀንጨርን በእኛ ላይ አትቁጠሩ» ይላሉ። የጤና ባለሙያ የሚቀጥረው ክልሉ ነው፣ መንገድ የሚሠራው ሌላ ነው፣ ሰላም የሚያሰፍነው ሌላ ነው። ወሎና ወልዲያ ዩኒቨርሲቲዎች በ2014ቱ ጦርነት ተዘርፈውና ወድመው ከባዶ ነው የተነሱት። ከዚያ ወዲህም በክልሉ ያለው ግጭት የትምህርት ዘመኑን እየቆራረጠው ነው። እውነት ነው። በአማራ ክልል የመቀንጨር መጠን በ2008ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት 46 በመቶ ነበር፣ በ2011 ወደ 41 ወርዷል። ይህ ቁጥር በዩኒቨርሲቲ ብቻ አይወጣም፣ አይወርድም።

በእጃቸው ያለው ግን ትንሽ አይደለም። የአራተኛ ዓመት የጤና ተማሪዎች የሚለማመዱት የት ነው? የጎንደሩ የቡድን ልምምድ ሰቆጣ ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታልና በዙሪያው ባሉ ጤና ጣቢያዎች ቢደረግ የሚወስነው ዩኒቨርሲቲው ነው። የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ የመመረቂያ ጥናቱን በየትኛው ወረዳ ይሠራል? ጥናቱ ተጠርዞ መደርደሪያ ላይ ይቀራል ወይስ ወደ ወረዳው ይመለሳል? ኽምጣኛ በዋግ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቋንቋ ሆኖ ሳለ፣ መምህሩን የሚያስተምረውን ሰው፣ መጽሐፍ አዘጋጁን፣ የቋንቋውን ተመራማሪ የሚያፈራው ማን ነው? እናት ስለ ልጇ አመጋገብ በምትሰማበት ቋንቋ የሚናገር አዋላጅ ማሠልጠን የማን ሥራ ነው? እነዚህ ሁሉ በውል ላይ ሊጻፉ፣ በዓመቱ መጨረሻም ሊታዩ የሚችሉ ናቸው።

ለዚህ አዲስ ሕግ መጠበቅ አያስፈልግም። ሚኒስቴሩ ከፕሬዚዳንቶቹ ጋር በሚፈርመው ውል ውስጥ ለእያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ የሚያገለግላቸው ዞኖች በስም ቢጠቀሱ፣ የዞኑ ምክር ቤትም በአፈጻጸሙ ላይ አስተያየቱን በጽሑፍ እንዲሰጥ ቢደረግ፣ ዋግ ከጋባዥነት ወደ ጠያቂነት ይሸጋገራል። ሰቆጣ ላይ ወደፊት ዩኒቨርሲቲ ቢከፈት እንኳ ይህ ካልተደረገ ግቢው የዋግ፣ ጥያቄው የማዕከል ይሆናል።

ጊዜው ደግሞ ጠቧል። በ2018 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ የገባ የአራት ዓመት ተማሪ በ2021 መጨረሻ ይመረቃል። ቃል ኪዳኑ የሚያበቃው በ2022 ነው። ለዚያ ቀን የሚደርሰው አዋላጅ፣ የሥነ ምግብ ባለሙያና የመስኖ መሐንዲስ አሁን ክፍል ውስጥ ነው፤ የት እንደሚለማመድ የሚወስነው መርሐ ግብርም የሚወጣው በዚሁ ዓመትና በሚቀጥለው ነው።