«የ» የምትባለው ፊደላችን በእንግሊዝኛ ቋንቋ

ዛሬ በዚህ ገጽ ልንናገርበት ያሰብነው ነገር ከምግብ ማሰናዳትና ከሕፃናት አያያዝ ወገን አይደለም፤ ሆኖም ማታ ማታ በየቤታችን ከሚነሡት ጥያቄዎች አንዱ ነው። ልጃችን የእንግሊዝኛ ጽሕፈቱን ይዞ ይቀርብና «አባባ፥ አስተማሪው ይህን በቀይ ቀለም የሰረዘብኝ ስለ ምንድር ነው?» ብሎ ይጠይቀናል። እኛም ቃሉን ሁሉ ለየብቻው እያወቅነው ስሕተቱ ከወዴት እንደ ሆነ ለመናገር እንቸገራለን። የዚህም ምክንያቱ ስሕተቱ ከቃል ዕውቀት ማነስ የመጣ ሳይሆን፥ የአማርኛውን አገባብ እንዳለ ወደ እንግሊዝኛ ከማሻገር የመጣ ስለ ሆነ ነው። እንግሊዝኛ ዛሬ በአገራችን የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት መማሪያ ስለ ሆነ፥ ነገሩ ብዙ ቤተ ሰብን የሚነካ ነው።

እኛ «ትናንት የመጣው ሰው» ስንል «የ» የምትባለው ፊደል ግሡን ከስሙ ጋራ ታያይዘዋለች፤ ገላጩ ይቀድማል፥ ስሙ ይከተላል። እንግሊዞች ግን ስሙን አስቀድመው «ኤ ማን ሁ ኬም የስተርደይ» ይላሉ፤ ይኸውም «ሰው፥ እርሱም ትናንት የመጣ» እንደ ማለት ነው። ይህ ሥርዐት ለአገራችን ሊቃውንት እንግዳ ሊሆን አይገባውም። በግዕዝ «ብእሲ ዘመጽአ ትማልም» ይባላልና፥ በዚያም ስሙ ቀድሞ ገላጩ ሲከተል እናያለን። ደግሞ ግዕዝ ለወንድ «ዘ»፥ ለሴት «እንተ»፥ ለብዙዎች «እለ» እያለ እንደሚለይ፥ እንግሊዝኛም በራሱ መንገድ ይለያል። ልዩነቱ ግን ጾታንና ቍጥርን በመመልከት አይደለም። ለሰው «ሁ»፥ ለነገርና ለእንስሳ «ዊች» ይባላል፤ «ዛት» የሚለው ቃል ደግሞ ለሁለቱም ያገለግላል። ስለዚህ ግዕዝ የተማረ አባት ልጁን በዚህ ነገር ሊረዳው ይችላል።

እንዲህ ያለው ልዩነት በእንግሊዞች ዘንድም ከጥንት ጀምሮ የጸና አልነበረም። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1611 ዓ.ም. በታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ፥ በአባታችን ሆይ ጸሎት ላይ ለእግዚአብሔር የተነገረው «ሁ» የሚለው ቃል ሳይሆን «ዊች» የሚለው ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ በ1711 ዓ.ም. ሪቻርድ ስቲል የተባለው ጸሓፊ «ስፔክቴተር» በሚባለው የሎንዶን ጋዜጣ ላይ፥ «ሁ» እና «ዊች» እንደ ሰው ሆነው «ዛት ቦታችንን ቀማን» ብለው አቤቱታ እንዳቀረቡ አድርጎ ቀልድ ጽፎ ነበር። ባለቋንቋዎቹ ራሳቸው ይህን ያህል የተከራከሩበትን ነገር የኛ ልጅ ቢስተው ልንቈጣው አይገባም።

አሁን ወደ ዋናው ስሕተት እንመለስ። እኛ «የገዛሁት መጽሐፍ» ስንል፥ በግሡ መጨረሻ ያለችው «ት» መጽሐፉን መልሳ የምታመለክት ናት። ልጁም ይህችን «ት» ወደ እንግሊዝኛ ሊያሻግር ሲል «ኤ ቡክ ዊች አይ ቦት ኢት» ብሎ ይጽፋል። በእንግሊዝኛ ግን መጽሐፉን የምትተካው «ዊች» ራሷ ናት፤ «ኢት» ከተጨመረ አንዱ ነገር ሁለት ጊዜ ተጠራ ማለት ነው። ትክክለኛው «ኤ ቡክ ዊች አይ ቦት» ብሎ ማቆም ነው። እንዲያውም እንግሊዞች በእንዲህ ያለው ቦታ አያያዡን ቃል ትተው «ኤ ቡክ አይ ቦት» ሊሉ ይችላሉ። ነገር ግን አያያዡ የግሡ ባለቤት በሆነ ጊዜ ሊተዉት አይችሉም፤ «ኤ ማን ኬም» ቢባል «አንድ ሰው መጣ» ማለት ይሆናል እንጂ «የመጣ ሰው» ማለት አይሆንም።

ሁለተኛው ስሕተት «የምኖርበት ቤት» በሚለው ዐይነት ነገር ላይ ይገኛል። «በት» የምትለዋ በግሡ ላይ ተለጥፋ ስለምትኖር ልጁ አይመለከታትም፤ ስለዚህ «ኤ ሀውስ ዊች አይ ሊቭ» ብሎ «ኢን» የሚለውን ቃል ይረሳዋል። ይህም «የምኖረው ቤት» እንደ ማለት ሆኖ ይጐድላል። እንግሊዞች «ኢን»ን ከ«ዊች» በፊት ወይም በመጨረሻ ያኖሩታል፤ «ኤ ሀውስ ኢን ዊች አይ ሊቭ»፥ ወይም «ኤ ሀውስ ዊች አይ ሊቭ ኢን» ይላሉ። በኋላ የሎንዶን ጳጳስ የሆነው ሮበርት ሎውዝ በ1762 ዓ.ም. ባሳተመው የሰዋስው መጽሐፍ፥ በመጨረሻ ማኖሩ ለጨዋታና ለወዳጅ ደብዳቤ እንደሚስማማ፥ በፊት ማኖሩ ግን ለከበረ ጽሕፈት የተሻለ እንደ ሆነ ገልጿል። ለመሥሪያ ቤት ደብዳቤ የምንመክረውም ይህንኑ ነው።

ሦስተኛው «ልጁ የታመመበት ሰው» የሚለው ነው። ልጁ «የእርሱ» የሚለውን ሊያስገባ ብሎ «ኤ ማን ሁ ሂዝ ሰን ኢዝ ኢል» ይላል። እንግሊዝኛ ግን ሁለቱን ባንድ ቃል ጠቅልሎ «ሁዝ» ይላል፤ «ኤ ማን ሁዝ ሰን ኢዝ ኢል»። እንግዲህ እነዚህ ሦስቱ ስሕተቶች ከአንድ ምንጭ የወጡ መሆናቸውን ልብ ማድረግ ይገባል። አማርኛ ስሙን በግሡ ወይም በሌላ ቃል ጫፍ መልሶ ያመለክታል፤ እንግሊዝኛ ግን ይህን ሥራ ለአያያዡ ቃል ብቻ ይሰጠዋል።

እስካሁን የተናገርነው ቢሳት ጽሕፈቱ ያስነውራል እንጂ ነገሩ አይጠፋም። ቀጥለን የምንናገረው ግን ገንዘብንና ወንድማማችነትን የሚነካ ነው፤ ይኸውም የነጠላ ሰረዝ ነገር ነው። አምስት ወንዶች ልጆች ያሉት አንድ አባት አለ እንበል፤ ሦስቱ ትምህርታቸውን ፈጽመዋል፥ ሁለቱ ገና ተማሪዎች ናቸው። አባትየው በውጭ አገር ባንክ ያለው ገንዘብ እንዲከፈል በእንግሊዝኛ ደብዳቤ ይጽፋል። «ማይ ሰንስ ሁ ሀቭ ፊኒሽድ ስኩል» ብሎ ያለ ሰረዝ ቢጽፍ፥ «ከልጆቼ መካከል ትምህርታቸውን ለፈጸሙት ብቻ» ማለት ነው፤ ገንዘቡ ለሦስቱ ይሆናል። «ማይ ሰንስ፣ ሁ ሀቭ ፊኒሽድ ስኩል፣» ብሎ በሁለት ሰረዝ ቢያጥረው ግን፥ «ልጆቼ ሁሉ፤ እነርሱም ትምህርታቸውን ፈጽመዋል» ማለት ይሆናል፤ ሁለቱ ታናናሾችም ተካፋዮች ይሆናሉ፥ ደብዳቤውም ስለ እነርሱ ያልተደረገውን ተደረገ ይላል። ከሁለት ትንንሽ ሰረዞች የተነሣ ወንድምና ወንድም ሊካሰሱ ይችላሉ። በአማርኛ «ትምህርታቸውን የፈጸሙት ልጆቼ» ብንል ሁለቱንም ትርጓሜ ሊይዝ ስለሚችል፥ ጸሓፊው ሰረዙን ለጌጥ የተደረገ አድርጎ እንዳይቈጥረው ያስፈልጋል።

የሚለይበትም መንገድ ቀላል ነው። ገላጩን ከዐረፍተ ነገሩ አውጥተን እንይ። የቀረው ያንኑ ሰው ወይም ያንኑ ነገር ሳያሻማ የሚያስታውቅ ከሆነ ገላጩ ተጨማሪ ወሬ ነውና ሰረዝ ይገባዋል፤ የማያስታውቅ ከሆነ ግን ገላጩ አስፈላጊ ነውና ሰረዝ አይገባውም። ለምሳሌ ጣና አንድ ብቻ ስለ ሆነ «ሌክ ጣና፣ ዊች ኢዝ ኢን ኢትዮጵያ፣» ብለን በሰረዝ እናጥራለን። በሰረዝ በታጠረው ገላጭ ውስጥ «ዛት» እንደማይገባም መታወቅ አለበት። ኤች ደብልዩ ፋውለር የተባለው ሊቅ በ1926 ዓ.ም. ባሳተመው መዝገበ ቃላት «ዛት» ሰረዝ ለሌለው፥ «ዊች» ሰረዝ ላለው ቢወሰን መልካም ነው ብሎ ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ ነገር ግን ብዙዎቹ ጸሓፊዎች እንዲህ እንደማያደርጉ ራሱ አልሸሸገም። በአሜሪካ ብዙ አራሚዎች ይህን ይጠብቃሉ፤ በእንግሊዝ ግን ሰረዝ በሌለው ቦታም «ዊች» ይጻፋል።

ስለ «ሁም» ባጭሩ እንናገር። ሰውየው አድራጊ ሲሆን «ሁ»፥ ተደራጊ ሲሆን «ሁም» ይባላል። በዛሬ ንግግር «ሁም» እየቀረ ሄዷል፤ ነገር ግን «ቱ ሁም» እንደሚባለው ከመስተዋድድ በኋላ ሲመጣ በደብዳቤ ላይ እስካሁን ይጠበቃል።

እንግዲህ አባትና እናት ዛሬ ማታ የልጃቸውን ጽሕፈት ተቀብለው «ሁ»፥ «ዊች» እና «ዛት» ባሉበት ሁሉ ሥር ያስምሩበት። ከዚያም ሦስት ነገር ይጠይቁት። ከገላጩ ውስጥ ያለ ሥራው የገባ «ኢት» ወይም «ሂም» አለን? የተረሳ «ኢን» ወይም «ቱ» አለን? ገላጩ ቢወጣ የሚነገርለት ሰው ማን እንደ ሆነ ይታወቃልን? ልጁ እነዚህን ሦስቱን ራሱን መጠየቅ ከለመደ፥ የአስተማሪው ቀይ ቀለም ከቀን ወደ ቀን እየቀነሰ ይሄዳል፤ ነገ ለቤተ ሰቡ ደብዳቤ ጸሓፊ በሆነ ጊዜም የአባቱን ቃል ሳያጐድልና ሳይጨምር ያደርሳል።