ለሦስት ሰው የተሠራ የፊት ወንበር

ከሳሪስ ተነስቶ በቃሊቲ በኩል አቃቂ የሚደርስ አሮጌ ሚኒባስ ታክሲ ጋቢና የገባ ሰው የሾፌሩን ቀኝ እጅ ልብ ይበል። ማርሽ ሲቀይር እጁ ወደ ወለሉ አይወርድም፤ ከመሪው ሥር ብቅ ያለችውን ዘንግ ይዞ ከፍ ዝቅ ያደርጋታል። ዘንጓ ወለሉ ላይ ተተክላ ቢሆን ኖሮ መሀል የተቀመጠው ተሳፋሪ እግሩን የሚያደርግበት ያጣ ነበር። የፊት ወንበር ለሁለት ሰው ይሁን ለሦስት፣ በአብዛኛው የሚወስነው የማርሹ ቦታ ነው።

አንድ ወጥ ወንበር የምለው ከአንዱ በር እስከ ሌላው በር ሳይከፈል የተዘረጋውን ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አብዛኞቹ የአሜሪካ የቤተሰብ መኪኖች ከፋብሪካ የሚወጡት በዚህ ወንበር ነበር። አሠራሩ ቀላል ነው፤ የብረት ፍሬም፣ በላዩ የተደረደረ ሞላ፣ ሞላው እንዳይቆረቁር ጥጥ ወይም ስፖንጅ፣ ከዚያ ቆዳ ወይም ፕላስቲክ ልብስ። በስፖርት መኪና ላይ ሲገጠም ግን ችግር አለበት። መኪናው በፍጥነት ሲታጠፍ ሾፌሩ በለስላሳው ልብስ ላይ ይንሸራተታል፤ ራሱን ለመያዝ መሪው ላይ ይንጠለጠላል። ሁለቱ ጎኖቹ ከፍ ብለው ወገብን የሚይዙት ነጠላ ወንበሮች የተወደዱት ለዚህ ነው። እንዲያም ሆኖ ጥቂት ፋብሪካዎች አንድ ወጡን ወንበር በስፖርት መኪኖቻቸው ላይ ገጥመዋል፤ ዛሬ አሮጌ መኪና የሚሰበስቡ ሰዎች የሚያሳድዷቸው እነዚህን ነው።

በፖርሸ ስም የተሠራው የመጀመሪያው መኪና፣ እ.ኤ.አ. በ1948 ኦስትሪያ ውስጥ ግሙንድ በተባለች ትንሽ ከተማ የወጣው ክፍት 356፣ የነበረው ወንበር ወጥ ነው። ሞተሩ ከቮልስዋገን የተወሰደ ሆኖ ወደ 35 የፈረስ ጉልበት ነበረው። አዲስ አበባ ውስጥ ቮልስ ሲፈቱና ሲገጥሙ ያደጉ መካኒኮች ያንን ሞተር ቢያዩት እንግዳ አይሆንባቸውም። ሥራው በ1950 ወደ ሽቱትጋርት ሲዛወር የመኪናውን ገላ የሚሠራው ሮይተር የሚባለው ድርጅት ሆነ። ይኸው ድርጅት በ1963 የገላ ሥራውን ለፖርሸ ሸጦ በወንበር ሥራ ቀጠለ፤ ሬካሮ ተባለ። የእሽቅድምድም ነጠላ ወንበር ሲነሳ ቀድሞ የሚጠራው ሬካሮ የተገኘው ከዚህ ቤት ነው።

ለእኔ ግን የነገሩን ምንነት ከሁሉም በላይ የሚያሳየው የጣሊያኑ አልፋ ሮሜዮ ጁሊያ ቲአይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 ሲወጣ አራት በር ያለው የቤት መኪና ነበር፤ ሞተሩ 1570 ሲሲ፣ ካምቢዮው ባለ አምስት ማርሽ፣ የማርሹ ዘንግ ከመሪው ጎን፣ የፊት ወንበሩም አንድ ወጥ፤ በጠቅላላው ስድስት ሰው ይይዛል። ሞተሩ ግን በዚያ ዘመን ብዙ የስፖርት መኪኖች የሚመኙት ዓይነት ነበር። በማግስቱ ዓመት ፋብሪካው ከዚሁ መኪና ለእሽቅድምድም የሚሆን ቲአይ ሱፐር የሚባል አወጣ፤ የተሠሩት 501 ብቻ ናቸው። ክብደት ለመቀነስ የሚነሳው ሁሉ ተነሳ፣ ማርሹ ወደ ወለሉ ወረደ፣ ወጡ ወንበር ወጥቶ ነጠላ ወንበሮች ገቡ። የአንድ ፋብሪካ መሐንዲሶች፣ በአንድ መኪና ላይ፣ በአንድ ዓመት ልዩነት ለሁለት ዓይነት ሰው ሁለት ዓይነት ወንበር ሠሩ። ሱፐሩ ውድ ቢሆንም እኔ የማደላው ለፊተኛው ነው፤ እናትና ልጅ ጎን ለጎን አስቀምጦ ያንን ሞተር የሚያስጮህ መኪና ብዙ ጊዜ አይገኝም።

አሜሪካኖቹ ነገሩን የገዢ ምርጫ አደረጉት። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1964 ለገበያ የቀረበው ፎርድ ሙስታንግ ነጠላ ወንበሮች ይዞ ነው የወጣው፤ ብዙ ሳይቆይ ግን ወጥ ወንበር ለሚፈልግ ተጨማሪ ከፍሎ ማዘዝ ተቻለ። መሀሉ ላይ የሚታጠፍ የክንድ ማሳረፊያ ነበረው፤ ሲወርድ ሁለት ሰው፣ ሲነሳ ሦስት። ሼቭሮሌም በ1967 እና በ1968 ሞዴል ካማሮ ላይ ተመሳሳይ ምርጫ አቀረበ። ያዘዘው ሰው ጥቂት ነበር። ሙስታንግ የሚገዛ ወጣት የሚፈልገው ከአባቱ መኪና የተለየ ነገር ነው፤ ወጡ ወንበር ደግሞ የአባቱ መኪና ምልክት ነበር።

ከዚያ በኋላ ማርሹ ወለል ላይ ቀረ፣ በሁለቱ ወንበሮች መሀል የዕቃ ማስቀመጫ ገባ፣ የደኅንነት ቀበቶና የአየር ከረጢትም ለመሀለኛው ሰው ማበጀት አስቸጋሪ ሆነ። በሰሜን አሜሪካ ወጥ የፊት ወንበር ይዞ የወጣው የመጨረሻው የቤት መኪና እ.ኤ.አ. የ2013ቱ ሼቭሮሌ ኢምፓላ ነው።

አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ ግን ይህ ወንበር በየቀኑ ይሠራል። ወደ አዳማና ጅቡቲ የሚወስደው መንገድ የሚነሳው ከዚህ ስለሆነ አካባቢው የጭነት መኪና አገር ነው። በአይሱዙው ጋቢና ሾፌሩ፣ ረዳቱና ባለ ዕቃው ትከሻ ለትከሻ ይሄዳሉ፤ የመሀሉ መደገፊያ ወደ ፊት ሲታጠፍ ደረሰኝና ቴርሞስ የሚቀመጥበት ጠረጴዛ ይሆናል። በአሮጌው ሚኒባስ ደግሞ ሞተሩ ያለው ከፊት ወንበሮቹ ሥር ነው፤ ዳገት ላይ የጋቢና ተሳፋሪ መቀመጫው የሚግለው፣ ሞተር ለማየት ሲፈለግም ውረድ የሚባለው ለዚህ ነው። ምቾቱን ስናነሳ አደጋውንም አንርሳ፤ መሀል የሚቀመጠው ሰው ብዙ ጊዜ ትከሻ የሚይዝ ቀበቶ የለውም፤ ሕፃን እዚያ ማስቀመጥ ፈጽሞ ተገቢ አይደለም።

እኛ አገር የቀሩ አሮጌ መኪኖች ላይ የሚያሳዝነኝ ነገር አለ። ፔጆ 404ን እንውሰድ፤ ፒኒንፋሪና የነደፈው፣ ማርሹ ከመሪው ሥር የሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አራት ጊዜ የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪን ያሸነፈ፣ ሐረር ላይ ለአሥርት ዓመታት ታክሲ ሆኖ የኖረ መኪና ነው። እንዲህ ያለው መኪና ወንበሩ ሲያረጅ ከሌላ መኪና የተነቀለ ነጠላ ወንበር ይገጠምለትና የፋብሪካውን ፍሬም ቁራሌው ይወስደዋል። ልብሱ እኮ ሁልጊዜ ይሰፋል፤ የሚጠፋው ፍሬሙና ሞላው ነው። የመኪናው ወንበር ኦሪጅናል መሆኑን ማወቅ የሚፈልግ ምንጣፉን ገልጦ ወለሉን ይይ፤ የወንበሩ ብሎን የሚገባበት የፋብሪካ ቀዳዳ ጠርዙ የተስተካከለ ሆኖ ቀለሙ ከወለሉ ጋር አብሮ የተቀባ ነው፤ በኋላ የተበሳው ጠርዙ ሻካራ ሆኖ ዝገት ይይዘዋል። ሙስታንግ ከሆነ በሩ ላይ የተለጠፈችው ቆርቆሮ የውስጥ ልብሱን ኮድ ትናገራለች፤ ወጥና ነጠላ ወንበር የተለያየ ኮድ አላቸው። ወንበር የሚያለብሰው ባለሙያ ዘንድ ሲኬድም አሮጌው ልብስ ሳይቀደድ በስፌቱ ይፈታ፤ ለአዲሱ ልክ የሚሆነው እሱ ነውና።