የብራንድበርጓ «ነጭ ሴት»

በናሚቢያ በረሃ ለብቻው ተነጥሎ በቆመው የብራንድበርግ ተራራ፣ ጺሳብ በሚባለው ሸለቆ፣ ከዓለት ጥላ ሥር በመላው ዓለም የታወቀ ጥንታዊ ሥዕል አለ። የዋናው የሰው ምስል ቁመት 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ሰውየው እየተራመደ ነው፤ ከደረቱ በታች ነጭ ተቀብቷል፣ በአንድ እጁም አበባ ወይም ጽዋ የሚመስል ነገር ይዟል። የሥዕሉ ዕድሜ ቢያንስ 2,000 ዓመት እንደሚሆን ይገመታል።

ሥዕሉን ለአውሮፓውያን ያስተዋወቀው ጀርመናዊው የመሬት ቀያሽ ራይንሃርድ ማክ ነው፤ ያየውም እ.ኤ.አ. በ1918 ነበር (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ማክ ያየውን በእርሳስ ነድፎ ሄደ። በዚያ ዘመን የዓለት ሥዕል ለማጥናት ሁለት ዋና መንገዶች ነበሩ፤ ካሜራና ብሩሽ። ካሜራው ከባድ ነበር፣ ፎቶውም ጥቁርና ነጭ ስለነበር የሥዕሎቹን ቀይ፣ ቡናማና ቢጫ ቀለም አያሳይም ነበር። ጀርመናዊው ሊዮ ፍሮቤኒየስ ከ1904 እስከ 1935 ባካሄዳቸው የአፍሪካ ጉዞዎች ሠዓሊዎችን ያስከተለው ለዚህ ነው። ከሠዓሊዎቹ ብዙዎቹ ሴቶች ነበሩ። ከዓለቱ ፊት ቆመው በቀለም የገለበጧቸው ሥዕሎች በ1937 ኒውዮርክ በሚገኘው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ለእይታ በቁ።

ነገር ግን ብሩሹም ሆነ ካሜራው ይመርጣል። ሠዓሊው የደበዘዘውን መስመር እንደመሰለው ይሞላዋል፤ ፎቶ አንሺው ከብዙ ምስሎች መካከል አንዱን ነጥሎ ያወጣል። የብራንድበርጉ ሰው ብቻውን አይደለም። በዙሪያው ሌሎች ሰዎች አሉ፣ አውሬዎች አሉ፣ የኋላ እግሩ እንደ ሰው የሆነ ኦሪክስ የተባለ እንስሳም አለ። ተነጥሎ ሲታይ ግን ለማንኛውም ተረት የሚመች ሆነ።

ተረቱን የጻፈው በዘመኑ የዋሻ ሥዕል ጥናት ቁንጮ የነበረው ፈረንሳዊው ካህን አንሪ ብሮይ ነው። ብሮይ ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ በ1933 ወደ አገራችን መጥቶ በሐረርና በድሬዳዋ አካባቢ ያሉትን የዓለት ሥዕሎች አጥንቷል። የብራንድበርጉን ሥዕል አስቀድሞ በቅጂ አይቶት ነበር፤ በ1947 ከቦታው ሲደርስም ከሜዲትራኒያን የመጣች ነጭ ሴት ናት አለ። በ1955 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ አጸና። አካባቢው ያኔ በደቡብ አፍሪካ የነጮች መንግሥት ሥር ስለነበር፣ ነጮች በዚያ ምድር ከጥንት ጀምሮ ነበሩ የሚለው ወሬ ደጋፊ አላጣም። በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ግን ሙሉውን ሥዕል መረመሩ። «ሴቲቱ» ወንድ ነው፤ አፍሪካዊ ነው፤ ነጩም በሰውነቱ ላይ የተቀባ ቀለም እንጂ የቆዳው መልክ አይደለም።

ስሕተቱ ከካሜራ እጥረት የመጣ አይደለም፤ የአገሩን ሰው ካለመጠየቅ ነው። መጠየቅ ደግሞ ያኔም ይቻል ነበር። በ1873 የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ባለሥልጣን ጆሴፍ ኦርፔን በደቡባዊ አፍሪካ ማሉቲ ተራሮች ኪንግ የተባለ፣ ከነባሩ የሳን ሕዝብ የሆነ ወጣት መሪው አድርጎ ሲጓዝ፣ ስለ ሥዕሎቹ ጠየቀው፤ ወጣቱም ስለ ዝናብ አውሬና ስለ ፈዋሾች ጭፈራ ነገረው። ኦርፔን ይህን በ1874 አሳተመው። የሳን ሥዕሎች ዛሬ የሚነበቡት በአብዛኛው ከዚህ ቃልና ከመሰል የሳን ምስክርነቶች ተነሥቶ ነው።

የብራንድበርጉ ሥዕል ራሱም ከዝናው የተነሣ ተጎድቷል። ጎብኚዎች ቀለሙ ፎቶ ላይ ጎልቶ እንዲወጣ ውሃ ይረጩበት ነበር፤ በየጊዜው የተረጨው ውሃ ምስሉን አደበዘዘው። ዛሬ ዲጂታል ፎቶ ኮምፒውተር ውስጥ ገብቶ ለዓይን የተሰወረውን ቀለም ዓለቱን ሳይነካ ያወጣዋል። በሐረርጌም ሆነ በሌላ ሥፍራ የዓለት ሥዕል የሚያነሳ ሰው ሊያደርጋቸው የሚገቡ ሦስት ነገሮች አሉ፤ ዓለቱን አያርጥበው፣ ከምስሎቹ አንዱን ብቻ ሳይሆን ሁሉንም ያንሣ፣ የቀዬውን ሽማግሌዎች ጠይቆ የነገሩትን ቃል ከፎቶው ጋር ያስቀምጥ።