ጎግል ያላወቀው ድረ ገጻችን



ባለፈው ሴሚስተር ጥቂት የጀመዓችን አባላት ሆነን ቦሌ ሚካኤል ለሚገኝ አንድ የልብስ ሱቅ ድረ ገጽ ሠርተን ነበር። ገጹ አምሮ ወጣ፤ ባለ ሱቁም ሳይከራከር ከፈለን። ሁለት ወር ሳይሞላ ግን ደወለ። «ልጆች፣ ደንበኞቼ የሱቁን ስም ጎግል ላይ ፈልገው አጣነው ይሉኛል» አለን። እኛም ፈለግን፤ የለም። ገንዘቡን ተቀብለናል፣ ሥራው ደግሞ አማና ነው፤ ያን ዕለት ማታ ማንም አልተኛም።

ጥፋቱ የእኛው ነበር። እሱን ከመናገራችን በፊት ግን ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ እንይ።

ጎግልና ቢንግ ገጾችን የሚሰበስቡት ክሮለር በሚባል ፕሮግራም ነው። ክሮለሩ ከአንድ ገጽ ወደ ሌላው የሚሻገረው በሊንክ ነው። ማንም ሊንክ ያላደረገለት ገጽ ላይ በዚህ መንገድ አይደርስም። ቦሌ አራብሳ ወይም አያት ኮንዶሚኒየም ዘመድ ጥየቃ የሄደ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ የብሎክና የቤት ቁጥር ካልያዘ ሁሉም ሕንፃ አንድ ዓይነት ነው፣ ሲዞር ይመሻል። ሳይትማፕ ማለት ያ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ነው፦ የድረ ገጹ ባለቤት «ገጾቼ እነዚህ ናቸው» ብሎ አድራሻቸውን የሚዘረዝርበት የኤክስኤምኤል ፋይል። አሠራሩን ጎግል በ2005 እ.ኤ.አ. አስተዋወቀው፤ በ2006 ያሁና ማይክሮሶፍትም ተቀበሉት።

በፋይሉ ውስጥ ለእያንዳንዱ ገጽ አድራሻውና መጨረሻ የተሻሻለበት ቀን ይሰፍራል። የገጹን አስፈላጊነትና በየስንት ጊዜው እንደሚለወጥ የሚገልጹ ቦታዎችም አሉ፤ ጎግል ግን እነዚህን ሁለቱን አያያቸውም። (ሁሉም ሰው የራሱን ገጽ «እጅግ አስፈላጊ» ብሎ ስለሚሞላ ሳይሆን አይቀርም።) ቀኑን የሚያምነውም እውነተኛ ሆኖ ካገኘው ነው። ምንም ሳይነካ በየቀኑ «ዛሬ ተሻሻለ» የሚል ገጽ ቀኑ ዋጋ ያጣል።

አንድ ፋይል እስከ 50,000 አድራሻ ወይም 50 ሜጋባይት ይይዛል። ከዚያ ከበለጠ በብዙ ፋይል ተከፋፍሎ ፋይሎቹን የሚዘረዝር ሌላ ፋይል ይዘጋጃል። ለሱቅ ገጽ ይህ ሕልም ነው፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን የመመረቂያ ጽሑፎች ማከማቻ ለመሰለ ቦታ ግን ቁም ነገር ነው። እዚያ እያንዳንዱ ጽሑፍ የራሱ ገጽ አለው፤ ሰው ርዕስ ጽፎ ይፈልጋል፣ ክሮለር ግን እንደ እኛ የመፈለጊያ ሣጥን እየሞላ አይዞርም። ማከማቻው የተሠራበት ዲስፔስ የተባለው ሶፍትዌር ሳይትማፕ የማውጣት አቅም ያለው ለዚህ ነው።

አማርኛ ስንጽፍ የሚገጥመን ሌላ ነገር አለ። ፋይሉ በዩቲኤፍ 8 መቀመጥ አለበት፤ በአድራሻ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ፊደል ደግሞ ወደ ዘጠኝ ምልክት ይለወጣል። «ረመዳን» የሚለው ቃል ብቻ 36 ምልክት ይሆናል። ሲያዩት ያስደነግጣል እንጂ ስህተት አይደለም። ችግር የሚሆነው ጽሑፉ በዩኒኮድ ሳይሆን በድሮ የግዕዝ ፎንት የተጻፈ ከሆነ ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት በነበረው አሠራር የተጻፈው ለዓይን አማርኛ ቢመስልም ለኮምፒውተር ትርጉም የሌለው የላቲን ምልክት ነው። ያንን ሳይትማፕ አያድነውም።

አሁን ወደ ጥፋታችን። ገጹን የሠራነው በዎርድፕሬስ ነው። ዎርድፕሬስ ከነሐሴ 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ከ5.5 እትም ወዲህ፣ ሳይትማፑን ራሱ ያዘጋጃል። እኛ ግን ሥራው ሳያልቅ ሰው እንዳያየው ብለን «የፍለጋ ሞተሮች ይህን ገጽ አይመዝግቡ» የሚል ትርጉም ያለውን ሣጥን ምልክት አድርገንበት፣ ረስተነው ሄድን። ያ ሣጥን ምልክት ካለበት ሳይትማፑም አብሮ ይጠፋል። በራችንን ዘግተን እንግዳ ቀረ ስንል ከርመናል!

ምልክቱን አነሳን። ጎግል ሰርች ኮንሶል ገብተን የገጹ ባለቤት መሆናችንን አረጋገጥንና የሳይትማፑን አድራሻ አስገባን። አድራሻው ሮቦትስ በሚባለው ፋይል ውስጥም በአንድ መስመር መኖሩን አየን፤ ሌሎቹ ክሮለሮች ከዚያ ያገኙታል። በሁለተኛው ሳምንት ሱቁ በስሙ ሲፈለግ መምጣት ጀመረ፣ አልሐምዱሊላህ።

ይሁን እንጂ ሳይትማፕ ጥቆማ ነው። ጎግል ገጹን እንዲመዘግብም ሆነ ከላይ እንዲያስቀምጥ አያስገድደውም። ራሱ ጎግል እንደሚለው ከ500 ገጽ የማይበልጥና ገጾቹ በሊንክ በደንብ የተያያዙ ድረ ገጽ ያለ ሳይትማፕም ሊገኝ ይችላል፤ ይበልጥ የሚጠቅመው ገና አዲስ ለሆነና ከውጭ ሊንክ ለሌለው ነው። ስለዚህ ከገርጂ እስከ ሲኤምሲ ለሱቆች ድረ ገጽ የምትሠሩ ልጆች «አንደኛ አወጣችኋለሁ» ብላችሁ ገንዘብ አትቀበሉ። ቃል ልትገቡ የምትችሉት በሩ ክፍት መሆኑን ነው፤ እሱንም ከማስረከባችሁ በፊት የሳይትማፑን አድራሻ በብሮውዘር ከፍታችሁ አረጋግጡ።

ባለ ሱቁ ባለፈው ሳምንት ደግሞ ደወለ። ስሙ ተገኝቷል፤ ካርታው ግን ደንበኞቹን ጎረቤቱ በር ላይ እያደረሰለት ነው። እሱ ሌላ ሥራ ነው፤ ኢንሻአላህ በሚቀጥለው እትም።