ዋግምትና የቀንዱ ንጽሕና

በአገራችን ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ከመጣው የባህል ሕክምና አንዱ ዋግምት መሆኑን የማያውቅ የለም። ራሱ የከበደው፤ ማጅራቱን የያዘው፤ ወገቡን የቈረጠመው ሰው ወደ ዋጋሚ ይሄዳል። ዋጋሚውም የሚያመውን ስፍራ በምላጭ ጥቂት ጥቂት ይበጣና ጫፉ የተበሳ ቀንድ ደፍቶ አየሩን በአፉ ይመጠዋል፤ ቀዳዳውንም በሰም ይደፍነዋል። ቀንዱ ደሙን ስቦ ከያዘ በኋላ ሲነሣ በሽተኛው «ቀለለኝ» ብሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ዛሬ በዚህ ገጽ ለመጻፍ ያሰብነው ዋግምት ያድናል ወይም አያድንም ብለን ለመከራከር አይደለም፤ ይህን ለሐኪሞች እንተወዋለን። የእኛ ጥያቄ ትንሽ ናት፤ እርስዋም በሽተኛው ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ ቀንዱ ወዴት ይሄዳል? የምትል ናት።

ጥያቄዪቱ የተነሣችው ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ነው። ከዐራት ኪሎ ወደ ፒያሳ የሚሄድ ሰው ቍልቍለቱን ወርዶ ይህን ድልድይ ከተሻገረ በኋላ የአራዳን ዳገት ይወጣል። ከድልድዩ ዝቅ ብሎ በነበረው ሰፈር ውስጥ እጃቸው የተመሰገነ አንድ ሽማግሌ ዋጋሚ ይኖሩ ነበር። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳና በአካባቢው ብዙ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱና ነዋሪዎቹ ሲዛወሩ እርሳቸውም ወደ ሌላ ሰፈር ሄደዋል፤ እኔ ግን የምናገረው ገና በዚያ ሳሉ ስላየሁት ነው። አክስቴ ወገባቸውን ታመው ነበርና ደግፌ ወሰድኋቸው።

ሽማግሌው በደንብ ተቀበሉን። ከሣጥናቸው አዲስ ምላጭ ከነወረቀቱ አውጥተው በፊታችን ገለጡት። «ኤድስ የሚሉት በሽታ ከመጣ ወዲህ የአንዱን ምላጭ ለሌላው አላደርግም፤ ይኸው ተመልከት ልጄ» አሉኝ። እኔም ይህን በሰማሁ ጊዜ ደስ አለኝ። ቀጥለው በጨርቅ የተጠቀለሉ ሦስት ቀንዶች አወጡ፤ በጥጥ አረቄ ነክረው የቀንዶቹን አፍ ጠረግ ጠረግ አደረጉ።

«አባቴ፤ ቀንዱስ ለእያንዳንዱ ሰው ይለወጣልን?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ቀንዱማ የአባቴ ነው፤ እንዴት ይለወጣል? አባቴም እኔም የብዙ ሰው በሽታ አውጥተንበታል» ብለው መለሱልኝ።

አክስቴ ይህን ሲሰሙ ነጠላቸውን መልሰው ተከናነቡ። ያን ቀን ዋግምት አልተደረገም።

አክስቴ የደነገጡበትን ምክንያት መናገር ይገባኛል። ባላቸው ከዚያ ሁለት ዓመት አስቀድሞ በጉበት በሽታ ዐርፈው ነበር። ደማቸው በተመረመረ ጊዜ ሄፓታይተስ ቢ የሚባለው ቫይረስ ተገኝቶባቸዋል። ሐኪሙ ከየት እንደ ገባባቸው ሲጠየቅ ምናልባት ሲወለዱ ከእናታቸው፤ ምናልባት በልጅነታቸው፤ ምናልባትም ከጸጉር አስተካካይ ምላጭ ወይም ከዋግምት ሊሆን ይችላል፤ ይህን ለይቶ ማወቅ አይቻልም ብሎ በቅንነት ተናገረ። እኚህ ሰው በዓመት ሁለት ጊዜ ይዋገሙ ነበር። በማን ቀንድ እንደ ተዋገሙ የሚያስታውስ ሰው የለምና በማንም ላይ አናመካኝም።

ሕዝባችን ዓይንን የሚያቢጨውን በሽታ «የወፍ በሽታ» እያለ ይጠራዋል፤ የሌሊት ወፍ የሚያመጣው የሚመስለውም ብዙ ነው። ነገር ግን ከዚህ በሽታ ምክንያቶች አንዱ በደም የሚተላለፈው ይኸው ቫይረስ ነው። በደረቀ ደም ውስጥ ከሰው አካል ውጭ ቢያንስ 7 ቀን ሳይሞት ይቆያል። እንግዲህ ሰኞ የተዋገመ ሰው ደም በቀንዱ ውስጥ ቢቀር ዐርብ ለሚመጣው ሰው የሚተርፍ ነው ማለት ነው። ቀንድ ደግሞ እንደ ብርጭቆ ልሙጥ አይደለም፤ ውስጡ ሻካራና ስንጥቅ ስለሚበዛበት ጥጥ አይደርስበትም። አረቄውም ቢሆን መድኃኒት አይሆንም፤ ተሐዋስያንን ለመግደል አልኮሉ ከመቶ 60 እጅና ከዚያ በላይ መሆን ሲገባው በቤት የሚወጣው አረቄ አብዛኛውን ጊዜ ከ50 እጅ በታች ነው። ዋጋሚው ራሱም አየሩን በአፉ ስለሚመጥ ከአደጋው ነጻ አይደለም፤ ይህን ለሽማግሌው በነገርኋቸው ጊዜ ጥቂት ዝም አሉ።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ ነው ብሎ የሚያፍር አንባቢ ቢኖር ወደ ቻይና እንዲመለከት እንለምነዋለን። የቻይና ሰዎች ከእኛ ጋር የሚመሳሰል ዋግምት አላቸው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1973 ዓ.ም. ማዋንግዱይ በሚባል ስፍራ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ168 ዓመት ከተዘጋ መቃብር ውስጥ በተገኘው የሕክምና መጽሐፍ ላይ በቀንድ መዋገም ተጽፎ ይገኛል። ከዚያ በኋላ ቀንዱን ትተው ቀርከሃ፤ ከቀርከሃም በኋላ ብርጭቆ ያዙ። በ2008 ዓ.ም. በሪዮ ኦሊምፒክ አሜሪካዊው ዋናተኛ ማይክል ፌልፕስ ትከሻው ላይ ክብ ክብ ምልክት ይዞ በታየ ጊዜ ዓለም ሁሉ የተደነቀበት ነገር ለአክስቴ አዲስ አልነበረም።

የቻይና የመርፌ ሕክምናም ትምህርቱን በከባድ ዋጋ ነው የገዛው። በአሜሪካ በሮድ አይላንድ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1984 ዓ.ም. በአንድ የመርፌ ሕክምና ቤት መርፌዎቹ ከሰው ወደ ሰው ሲዘዋወሩ በሚገባ ስላልመከኑ 35 በሽተኞች በሄፓታይተስ ቢ ተይዘዋል። ማምከን ማለት ተሐዋስያኑን አንድም ሳያስቀሩ መግደል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ1999 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ስለ መርፌ ሕክምና ደኅንነት ባወጣው መመሪያ ለየሰው አዲስ መርፌ መጠቀምን መክሯል። ስለዚህ መርፌው ተለወጠ እንጂ ሕክምናው አልተሻረም።

በእኛም አገር ቢሆን በ1940 ዓ.ም. የወጣው የሐኪሞች ምዝገባ አዋጅ በሕዝቡ ዘንድ የታወቁትን የባህል ሐኪሞች ከሥራቸው አላገደም። ነገር ግን ሥራን መፍቀድ አንድ ነገር ነው፤ ንጽሕናን ማስተማር ሌላ ነው። ሽማግሌው ስለ ምላጩ የተማሩት ስለ ኤድስ በራዲዮ ሲነገር ሰምተው ነው። ስለ ቀንዱ ግን የነገራቸው ሰው አልነበረም፤ እንግዲህ ጥፋቱ የእርሳቸው ብቻ ነው ለማለት አልደፍርም።

አክስቴ በሁለተኛው ሳምንት ደማቸውን ተመረመሩ፤ በሽታው አልተገኘባቸውም፤ ክትባቱንም ሦስት ጊዜ ተከተቡ። ይህ ክትባት በአገራችን ለሕፃናት ከሚሰጡት ክትባቶች ጋር የተጨመረው በ1999 ዓ.ም. ስለ ሆነ ከዚያ በፊት የተወለድነው አብዛኞቻችን አልተከተብንም። የቤተ ሰብ አለቃ የሆነ ሁሉ ይህን ቢያስብበት መልካም ነው።

የወገባቸው ሕመም ግን አልተዋቸውም፤ ዋግምቱንም አልረሱትም። ስለዚህ ሽማግሌውን ወደ ቤታቸው አስጠሩና ስለ ቀንዱ ተነጋገሩ። «ይቀቀል» ብንላቸው «ቀንድ ሲቀቀል ይለዝባል፤ አፉም ይጣመማል፤ ከዚያ ወዲያ አየር አይዝም» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ቀንድ የሚሠሩ ሰዎችም ቀንዱን ለማጠፍ በፈላ ውኃ ያለዝቡታል። በረኪናም ቢሆን ተበጥብጦ ልሙጥ ለሆነ ዕቃ ይጠቅማል እንጂ ደም በገባበት ስንጥቅ ውስጥ እምነት የሚጣልበት አይደለም። ከብዙ ንግግር በኋላ ቀንዱ እንዲቀርና በስድስት ወፍራም የሻይ ብርጭቆ እንዲዋገሙ፤ ምላጭም ከቶ እንዳይነካቸው ተስማማን። ቆዳ ካልተበጣ ደም አይወጣም፤ ደም ካልወጣም አደጋው እጅግ ይቀንሳል።

እዚህ ላይ ለእመቤቶች የምናሳስበው አንድ ነገር አለ። በመጽሐፍ ዕቃ 20 ደቂቃ ይቀቀል የሚለውን ስናነብ የአዲስ አበባን ከፍታ መርሳት የለብንም። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ስለ ሆነ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ድሬ ዳዋ ቶሎ የሚበስለው ባቄላ እዚህ የሚዘገየው ስለዚህ ነውና ብርጭቆውንም ጨምሮ ማቈየት ይገባል። አስቀድሞም በሳሙና በሚገባ ማጠብ ያስፈልጋል፤ እድፍ ያለበት ዕቃ ቢቀቀል እድፉ ተሐዋስያኑን ይሸሽጋቸዋልና። ሰውነት ለሚበጣበት ምላጭና ለመሰለው መሣሪያ ግን የድስት መቀቀል አይበቃም፤ የመንጋጋ ቆልፍን የሚያመጣው ተሐዋስ ዘሩ ከፈላ ውኃ ውስጥ ሳይሞት ሊወጣ ይችላል። እንዲህ ያለው መሣሪያ በሆስፒታል በእንፋሎት ግፊት በ121 ዲግሪ ይመክናል፤ ወይም አንድ ጊዜ ተሠርቶበት ይጣላል።

የቀጠሮው ቀን ሽማግሌው ካዲሱ ሰፈራቸው በታክሲ መጡ። ብርጭቆዎቹ ተቀቅለው በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ላይ ተደፍተው ይጠብቋቸው ነበር። አክስቴ ግን ከወንበራቸው ሳይቀመጡ ማስታጠቢያውንና ሳሙናውን ይዘው መጡና ውኃውን በእጃቸው ላይ ያፈሱላቸው ጀመር። ሽማግሌው እየሣቁ፤

«እመቤቴ፤ መጀመሪያ ምሳ ሊያበሉኝ ነውን?» አሉ።

«ምሳው በኋላ ነው፤ ጥፍርዎን ደግሞ ይሹት» አሏቸው።