በረካ ሲጠጣ ምድጃው ይውጣ

በጌዴኦ ዞን ዱመርሶ ላይ ክረምት ሲገባ ብርዱ ከምሽቱ ጋር ይመጣል። ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ይጀምራል፤ መብራትም ይጠፋል። ያን ጊዜ የዱመርሶው ቤተሰብም ሆነ በዲላ ወይም በአዲስ አበባ ያሉት እርስዎ የምታደርጉት ተመሳሳይ ነው። ከሰል ይቀጣጠላል፣ ቡና ይፈላል፣ በርና መስኮት ይዘጋል። ቡናው ካለቀ በኋላም «ቤቱን ያሙቅልን» ተብሎ ምድጃው እዚያው ያድራል።

አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው።

ብዙዎቻችን ከሰል የሚጎዳው ጭሱ እስኪያልቅ ብቻ ይመስለናል። ለዚህም ውጭ አቀጣጥለን፣ ሲቀላ ወደ ቤት እናስገባዋለን። ነገር ግን የቀላውም ፍም ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝ ያወጣል። ጋዙ ቀለምም ሽታም የለውም። ከደማችን ሄሞግሎቢን ጋር የመጣበቅ አቅሙ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ ስለሆነ፣ የተኛ ሰው ሳይነቃ ሊሞት ይችላል። አመድ የለበሰ ፍምም ያው ነው።

ስለዚህ መብራት በጠፋበት ምሽት እነዚህን ልብ ይበሉ፦

• ከመተኛትዎ በፊት ምድጃውን ከነፍሙ ወደ ውጭ ያውጡ። መስኮት ገርበብ ማድረግ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ለብርዱ ጋቢና ብርድ ልብስ ይደርቡ።

• ጄኔሬተር ካለዎት ከቤት ውጭ፣ ከበርና ከመስኮት ቢያንስ 6 ሜትር አርቀው ያስነሱት።

• ሻማን ከመጋረጃና ከልጆች ያርቁ፤ ሳያጠፉም አይተኙ። ቻርጅ የሚደረግ መብራት ይሻላል።

• የኤሌክትሪክ ምጣድና ስቶቭ ይንቀሉ፤ መብራቱ እርስዎ ሳይኖሩ ሊመጣ ይችላል። ቴሌቪዥንና ፍሪጅም እንዲሁ። በሩ ካልተከፈተ ፍሪጅ ምግብን ለ4 ሰዓት ያህል ያቆያል።

• የተበጠሰ የኤሌክትሪክ ሽቦ ካዩ አይጠጉ፤ ወደ 905 ይደውሉ።

ከሰል ባለበት ቤት ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ከተሰማችሁ «ጉንፋን ነው» ብለው አይለፉት። በሩን ከፍተው ሁሉንም ወደ ውጭ ያውጡ፤ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይደውሉ። ሎሚ ማሽተትም ሆነ ወተት ማጠጣት ጋዙን ከደም አያስወጣም። መድኃኒቱ ኦክስጅን ነው፤ እሱም የሚገኘው ሐኪም ቤት ነው።

ዛሬ ማታ ገና አቦል ሳይቀዳ ምድጃውን ማን እንደሚያወጣ ተነጋገሩ። በረካው ተጠጥቶ ሲያበቃ ፍሙ ይውጣ፤ ቤተሰቡም በሰላም ይደር።